የድርጅት ባለቤት ማለዳ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ድርጅት አለኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ብነሳም፣ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ የደንበኞችን ስልክ በመመለስ ያልቃል። ማለዳዬን እንዴት ላደራጀው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በ11 ሰዓት መነሳት ግዴታ አይደለም፤ በተለይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ከተማዎ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሲበረታ፣ የእንጨት ሙጫው እንኳ ፀሐይ ሳይሞቅ ቶሎ አይደርቅም። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ስለሚመከር፣ የሚነሱበትን ሰዓት ከመኝታ ሰዓትዎ ተነስተው ይወስኑ።

ዋናው ጉዳይ ስልኩ ነው። ደንበኞችዎ ከ3 ሰዓት በኋላ እንዲደውሉ አስቀድመው ያሳውቁ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ የሰከነ አእምሮ ለሚጠይቀው ሥራ፣ ማለትም ለዋጋ ስሌት፣ ለልኬትና ለጣውላ ግዢ ያውሉት። ማታ ከመዝጋትዎ በፊት በማግሥቱ የሚቆረጠውን ጣውላ፣ ልኬቱን በእርሳስ ጽፈውበት፣ መጋዙ አጠገብ ቢያስቀምጡት፣ ሠራተኞችዎ ጠዋት ትእዛዝ እየጠበቁ አይቆሙም።

ቁርስ አይዝለሉ፤ በገብስ አገር በሶ አይጠፋም። ቡናውን ግን፣ በረካው እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ ያውቁታልና፣ ከሰዓት በኋላ ቢያደርጉት እንመርጣለን።