ያላደርኩበት ሌሊት

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ ስንት ዘመን የሰው ሂሳብ ስመረምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። የሌላውን ጉድ ስትሰሙ ኖራችኋል፣ ዛሬ የራሴን ልንገራችሁ።

ጀማሪ ሳለሁ ለመስክ ሥራ ሐይቅ ከተማ ተላክን። ቅርብ ናት፣ ሥራው ቶሎ አለቀና ማታ ቤቴ ገባሁ። ፎርሙ ላይ ግን የአዳር አበል ተሞልቶ ጠበቀኝ። አለቃዬ "ፈርም እንጂ፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው" አለኝ። ፈረምኩ። በብሩ ለእናቴ ስኳርና ቡና ገዛሁ።

አቦሉን እየቀዳች "ደመወዝ ወጣ እንዴ?" አለችኝ።

"አይ፣ የአዳር አበል ነው።"

"የየት አዳር?" ሲኒው እጇ ላይ ቀረ።

ይህ የድሃ አገር በሽታ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ሎርድ ሃኒንግፊልድ የሚባሉ የላይኛው ምክር ቤት አባል ኤሴክስ ቤታቸው እያደሩ ለንደን እንዳደሩ አስመስለው ሂሳብ ሲያቀርቡ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዘጠኝ ወር ተፈረደባቸው። የኔኑ ጥፋት ነው የሠሩት፣ ልዩነቱ እሳቸው ሎርድ መሆናቸው ነው!

ያኔ ምክር ቤቱ ደንቡን ቀይሮ ነበር። አብዛኞቹ ሎርዶች ደመወዝ የላቸውም፤ ስለዚህ የአዳር ጥያቄው ቀርቶ ለተገኙበት ቀን 300 ፓውንድ እንዲከፈል ተደረገ። ጥሩ መፍትሔ ይመስላል። ግን እኚሁ ሰው ከእስር በኋላ ወደ ምክር ቤቱ ተመልሰው በ2013 ገብተው አርባ ደቂቃ እንኳ ሳይቆዩ ሲወጡ ጋዜጠኞች ቀረጿቸው። ውሎ አበል ያለ ውሎ! እኛስ? ኮምቦልቻ ስልጠና ጠርተውን ጠዋት ፈርመን ከሻይ እረፍት በኋላ የምንጠፋው?

ስለ ላይኛው ምክር ቤት የሚነሳው ክርክር ብዙ ነው። አባላቱ ይመረጡ ወይስ ይሾሙ? እንግሊዞች በ1999 በውርስ የሚቀመጡትን ወደ 92 ቀነሱ፣ ክርክሩ ግን አላበቃም። እኛም በእኛ አቆጣጠር በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሟቸው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ነበሩን። ለእኔ ለሂሳብ ሰው ግን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ወጪያቸውን ማን ያየዋል? እ.ኤ.አ. በ2009 የእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት የወጪ ቅሌት ሲፈነዳ ለዳክዬ ቤት 1,645 ፓውንድ የጠየቀ እንደራሴ ነበር። አልተከፈለውም። ግን መጠየቁ ራሱ ምን ያህል ለምደው እንደነበር ያሳያል። ብዙዎቹም "ደንቡ ይፈቅዳል" ነበር መልሳቸው። እውነታቸውን ነው፣ ደንቡን ያወጡት እነሱው ናቸዋ! ከዚያ በኋላ ነው የእንደራሴዎቹ ወጪ ለገለልተኛ ተቋም የተሰጠው።

እናንተም ነገ ፊርማ ያለበት ወንበር ላይ ስትቀመጡ የራሳችሁን አበል ሌላ ሰው ይፈርምላችሁ። ሐሜተኛ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ያን ብር በሚቀጥለው ወር ይዤ ገንዘብ ያዧ ዘንድ ሄድኩ። መነጽሯን አወለቀች። ተመላሽ ለምዳ አታውቅም መሰለኝ።

"ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፈው?"

"ቤቱ ስላደረ በይው" አልኳት።