መልስ፦ ስለ «አውፍባው» ጋዜጣ

ወንድሜ፣ ከሂትለር ሸሽተው ኒውዮርክ የገቡ አይሁዶች ለምን በጀርመንኛ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር ላልከው፣ አፋቸውን የፈቱት በጀርመንኛ ስለሆነ ነው። ሂትለር አገራቸውን ቢነጥቃቸውም ቋንቋቸውን አልሰጡትም።

«አውፍባው» እ.ኤ.አ. በ1934 ሲጀመር የአንድ የጀርመን አይሁዶች ክበብ ትንሽ መጽሔት ነበር። በ1939 ማንፍሬድ ጆርጅ ዋና አዘጋጅ ከሆነ በኋላ ግን ትልቅ ሳምንታዊ ጋዜጣ ሆነ፤ እነ ፈላስፋዋ ሐና አረንት ጽፈውበታል። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው በጦርነቱ ማብቂያ ያወጣው የነበረውን የስም ዝርዝር ነው። ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ከፈጸሙት እልቂት የተረፉትን ስም ያትማል፣ ዘመድ አፈላላጊዎችም ማስታወቂያ ያወጡበታል። እናቱ ትኑር ትሙት የማያውቅ ስደተኛ ያንን ገጽ እንዴት እየተርበተበተ እንደሚገልጠው አስበው!

የኒውዮርኩ ኅትመት በ2004 ቆመ፤ ስሙ ግን ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ በመጽሔትነት ቀጥሏል።