ለሎግ ደረጃ አዲስ ስም ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) የክፍያ ሲስተም እንሠራለን። በሎጋችን (ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ በሚጽፍበት መዝገብ) ላይ ከተለመዱት ደረጃዎች ሌላ «ኢምፖርታንት» እና «ኧርጀንት» ጨምረን ነበር። አሁን አንዱ ኧርጀንት ያለውን ሌላው ኤረር ይለዋል፤ አለርቱም (ተረኛውን የሚጠራው ደወል) ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል። የተሻለ ስም ካለ ብትጠቁሙን?

መልስ፦ ስም አትፈልጉ፤ ሁለቱንም አውጡ። «ኢምፖርታንት» የሚለው የጻፈውን ሰው ስሜት እንጂ ያነበበው ምን ያድርግ የሚለውን አይናገርም። ፓይተን ይዟቸው የሚመጡት ይበቋችኋል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ችግሩ ይከፋል፦ ዲበግ 10፣ ኢንፎ 20፣ ዋርኒንግ 30፣ ኤረር 40፣ ክሪቲካል 50።

በስም ከመከራከር በፊት በየደረጃው ማን መቼ እንደሚነሣ ተስማሙ። ክሪቲካል ተረኛውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል፤ ኤረር ጠዋት ቢሮ ሲገባ ይታያል። ሌሊት የሚጮኸው ለክሪቲካል ብቻ ይሁን።

ብዙውን ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሣው ከኤረር በታች ነው። ደንበኛ የሚስጥር ቁጥሩን ቢሳሳትና ሲስተሙ ቢከለክለው ሲስተሙ ሥራውን ሠርቷል፤ ኢንፎ ነው። ስህተቱ በአንድ አካውንት ላይ ከተደጋገመ የሚቆጥረው የአለርት ደንቡ ነው፣ ደረጃውን አትንኩት። የባንኩ ሰርቨር በጊዜው ሳይመልስ ቀርቶ በሁለተኛው ሙከራ ከተሳካ ዋርኒንግ፣ ሙከራው ሁሉ አልቆ ክፍያው ካልተፈጸመ ኤረር። እሱንም አንዴ ብቻ፣ ስህተቱን በሚያስተናግደው ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ውስጥ ጻፉት። እያንዳንዱ ፈንክሽን ጽፎ ወደ ጠራው ፈንክሽን ካሳለፈው አንዱ ብልሽት አራት መስሎ ይታያል።

የራስ ስም መጨመር ሌላም ጣጣ አለው። ኢምፖርታንትን 25 ብላችሁት ከሆነ የፓይተን መነሻ ወለል (ከእሱ በታች ያለ የማይጻፍበት ቁጥር) 30 ስለሆነ፣ ወለሉን ካላወረዳችሁ ጭራሽ አይጻፍም። ወደ ሲስሎግ (ሎግ የሚላክበት የጋራ ሥርዓት) ስትልኩ ደግሞ ላኪው የፓይተን ክፍል፣ ሲስሎግሃንድለር፣ የማያውቀውን ስም ሁሉ ዋርኒንግ አድርጎ ነው የሚያሳልፈው፤ «ኧርጀንት» ያላችሁት እዚያ ሲደርስ ተራ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ያርፋል! በሲስሎግ ቁጥሩም የተገላቢጦሽ ነው፦ በ2009 በወጣው የሲስሎግ ደንብ፣ አርኤፍሲ 5424፣ ከሁሉ የከፋው 0፣ ዲበግ 7 ነው። ስለዚህ ፊልተራችሁን (የትኛው መልእክት ይለፍ የሚለውን) በቁጥር ሳይሆን በስም አድርጉት።

ስሞቹን ስታወጡ ከኮዱ አትጀምሩ። «ኧርጀንት» የሚለውን ቃል የሚፈልግ የአለርት ደንብ ካለ ቃሉ ሲጠፋ ዝም ይላል፣ ማንም አያውቅም። መጀመሪያ ደንቡ ክሪቲካልንም እንዲቀበል አድርጉ፣ ቀጥሎ ኮዱን ቀይሩ፣ አሮጌውን ቃል ከደንቡ የምትሰርዙት መጨረሻ ላይ ነው።