ልጅዎ እየሳቀብዎት አይደለም

እናቴ፣ ጥያቄዎን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ካናዳ ያለው ልጅዎ «ዛሬም ሁለት ሥራ ውዬ ገባሁ፣ በድካም ሞቻለሁ ሎል» ብሎ ጽፎልዎታል። ሰው ሲጠይቁ ደግሞ «ሎል ማለት መሳቅ ነው» አሉዎትና ከፋዎት። «ልጄ ይቀልድብኛል እንዴ?» ብለዋል። በፍጹም አይቀልድብዎትም።

የነገሩዎት ሰው አልዋሹም። ቃሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ኤል፣ ኦ፣ ኤል። ሲፈታ «ጮክ ብዬ እየሳቅኩ ነው» እንደማለት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮምፒውተር የሚጻጻፉ ሰዎች ያመጡት ነው። ፊት ለፊት ስለማይተያዩ መሳቃቸውን በጽሑፍ መናገር ነበረባቸው። እኛ «ኪኪኪ» ወይም «ሃሃሃ» ብለን እንደምንጽፈው ማለት ነው። የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም በ2011 አስገብቶታል።

ዛሬ ግን ሎል ብሎ የሚጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይስቅም። ጆን ማክዎርተር የተባሉ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር በ2013 ባደረጉት ንግግር ይህንኑ አስረድተዋል። ቃሉ ከሳቅነት ወጥቶ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ የመግባባት ምልክት ሆኗል ይላሉ። እኔ በአማርኛ የሚቀርበው «ምን ይደረግ» ነው ብዬ አምናለሁ። እስቲ ቀይረው ያንብቡት፦ «በድካም ሞቻለሁ፣ ምን ይደረግ።» አሁን ልጅዎ ሲናገር አይሰማዎትም? ሌላ ጊዜ ደግሞ ነገር ያለሰልሳል። «ለምን አልደወልሽም ሎል» ያለ ሰው ወቀሳው እንዳይከብድ ፈርቶ ነው።

ይህን የተማርኩት ከታናሽ ወንድሜ ነው። አሜሪካ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን «ከሥራ ቀነሱኝ ሎል» ብሎ ጻፈልኝ። ሎልን ሳይ ጨዋታ መሰለኝ። የሚስቅ ፊት ላኩለትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠፋ። በኋላ ስደውልለት ድምፁ ልክ አልነበረም። የቤት ኪራይ የሚከፍለው አጥቶ ጓደኛው ጋር ሶፋ ላይ ነበር የሚያድረው። «ታዲያ ለምን ሎል አልክ?» ብዬ ተቆጣሁት። «እንዳትጨነቂብኝ ብዬ ነዋ» አለኝ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? ሎልም እንደዚያው ነው። ሆድ ሲብስ እንኳ ፊት ለፊት ይቆማል። ከዚያ ወዲህ የእሱ መልእክት ሲመጣ ሎልን በጣቴ ሸፍኜ የቀረውን አነባለሁ። እውነቱ ያለው እዚያ ነው።

በእርግጥ የምር የሚያስቅ ነገር ጽፎ ሎል የሚልበትም ቀን አለ። እሱ ከዐረፍተ ነገሩ ወዲያው ይታወቃል።

እርስዎም መጻፍ ከፈለጉ ይጻፉ፣ ልጅዎ ደስ ይለዋል። ለቅሶ የደረሰበት ሰው ጋ ብቻ አይጠቀሙበት። «ብዙ ፍቅር» የሚለው የእንግሊዝኛ አባባልም በእነዚያው ፊደላት ስለሚያጥር ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሩን እንኳ «ብዙ ፍቅር» መስሏቸው በመልእክታቸው መጨረሻ ይጽፉት እንደነበር በ2012 በአደባባይ ምርመራ ላይ ተነግሯል። ስለዚህ ቃሉ ግራ ቢያጋባዎት የሚያፍሩበት ነገር አይደለም።

እናቴ፣ እባክዎ አይቀየሙት። ዛሬ ማታ «ምን በላህ? እንቅልፍስ ትተኛለህ ወይ?» ብለው ይጻፉለት። «ደህና ነኝ ሎል» ካለዎት ግን ይደውሉለት።