ጥያቄና መልስ፦ ጠመቃና ወጥ ቤት በአንድ ግቢ

ለዚህ ዙር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጎጃም ከተሞች የመጡ ናቸው። መጠጥ የሚጠምቁ ወይም የሚቀዱ ቤቶች ምግብ ሲጨምሩ የሚገጥማቸውን ይጠይቃሉ። አንዳንዱን ባጭሩ እናልፈዋለን፤ የመጀመሪያው ግን ረዘም ይላል፤ ሳይታወቅ ብዙ ገንዘብ የሚያፈስሰው እሱ ነውና።

ከደብረ ማርቆስ፦ በአንድ ጊዜ 500 ሊትር የሚያወጣ አነስተኛ ቢራ መጥመቂያ አለኝ። ምግብ ጀምረን እንጀራም እዚያው መጋገር ከጀመርን ወዲህ ቢራው በሳምንቱ እርጎ እርጎ ይላል። ጠማቂው ጥፋቱን ውሃው ላይ ያሳብባል። እውነት ውሃው ነው?

ከውሃው በፊት ሊጡን ይጠርጥሩ። ውሃው ያው የዱሮው ነው፤ ወደ ቤትዎ አዲስ የገባው የእንጀራ እርሾ ነው። ሊጥ የሚቦካው በዱር እርሾና በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የእንጀራ ኩምጣጤም ከዚሁ ባክቴሪያ ይመጣል። በዱቄት ብናኝ ላይ፣ በቡሃቃው ጠርዝ፣ ሊጥ ባቦካ እጅና ሽርጥ ላይ አይጠፋም። ቢራ ውስጥ ሲገባም ያንኑ የለመደውን ይሠራል፤ ያኮመጥጣል። የሆፕ (ቢራ ውስጥ የሚገባው መራራ አበባ) ምሬት ብዙውን ባክቴሪያ ያግዳል፤ ምሬቱን የለመደውን ዓይነት ግን አይመልሰውም።

አደገኛዋ ሰዓት የፈላው የብቅል ውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ የቢራ እርሾ እስኪጨመርበት ያለችው ናት። እየፈላ ሳለ ምንም አይደፍረውም፤ ከ30 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን ጣፋጭ፣ ሞቅ ያለና ጠባቂ የሌለው ይሆናል።

ጥፋቱ የት እንዳለ በግምት አይፈልጉ፤ በብልቃጥ ይፈተሻል። ሦስት የመስታወት ብልቃጦችን ከነክዳናቸው 20 ደቂቃ ይቀቅሉ። አንደኛውን ከማፍያው ጋን በትኩሱ፣ ሁለተኛውን ከማቀዝቀዣው መውጫ፣ ሦስተኛውን ከማብላያው ታንክ እርሾ ከመግባቱ በፊት ይሙሉና ይክደኑ። ከዚያ 28 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ቦታ 3 ቀን ያቆዩዋቸው። የመጀመሪያው ጥርት ብሎ ሁለተኛው ከደፈረሰ ወይም አረፋ ካወጣ፣ ባክቴሪያው ማቀዝቀዣው ወይም ጎማው ውስጥ ተቀምጧል። ሦስተኛው ብቻ ከደፈረሰ የታንኩን ቧንቧና ጋስኬት (የመገጣጠሚያውን ላስቲክ) ይፍቱ። ሦስቱም ከጠሩ ደግሞ ወይ የሚጨምሩት የቢራ እርሾ ተበክሏል፣ ወይ ብክለቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ለማጽዳት በ100 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ በጥብጠው፣ በ70 እስከ 80 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ በቧንቧውና በታንኩ ያዙሩት። ሶዳውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አይጨምሩ፤ ይፈናጠርና ያቃጥላል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው። አሉሚኒየም የሆነ ዕቃ ካለ አያስነኩት፣ ይበላዋል። ሲያጥቡት በእጅ የሚያዳልጥ ስሜት እስኪጠፋ ድረስ ያጥቡ። የተሰነጠቀ ጋስኬት በመታጠብ አይድንም፤ ይጣልና በአዲስ ይቀየር። ከጎመዘዘው ጠመቃ ያስቀመጡት እርሾ ካለም አሳዝኖዎት አያስቀሩት፣ ይድፉት።

ከዚያ ሥራውን ይለዩት። ሊጥ ያቦካ ሰው በዚያ ቀን ማቀዝቀዣና ታንክ አይንካ። ሽርጡ፣ ባልዲው፣ መወልወያው ለየብቻ ይሁን። የጠመቃ ቀን ሊጥ አይቦካ፣ ዱቄት አይነፋ። ብቅል የሚፈጭበት ክፍልም ከማብላያው ይራቅ፤ የገብስ ብናኝ ያንኑ ባክቴሪያ ይይዛል። ይህን ሁሉ ለመለየት ቦታ ካነሰዎት፣ እንጀራውን ከሚጋግሩ እናቶች ገዝተው ያቅርቡ። 500 ሊትር ለሚጠምቅ ቤት ይህ ይሻላል እንላለን፤ አንድ የጠመቃ ዙር መድፋት የስንት ቀን እንጀራ ዋጋ እንደሚያስከፍል አስልተው ይዩት።

ከባሕር ዳር፦ ድራፍት እንቀዳለን። የዓሣ ጥብስ ከጀመርን ወዲህ አረፋው ጃምቦው ላይ ወዲያው ይጠፋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ግማሹ አረፋ ሆኖ ይወጣል። እንዴት ሁለቱም ይሆናል?

ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ስለሆኑ ነው። የሚጠፋው አረፋ የቅባት ነው። ቀረሶ በጋለ ዘይት ሲጠበስ የሚነሣው እንፋሎት ዘይት ይዞ ይወጣና በአቅራቢያው ያለ ብርጭቆ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ብርጭቆው የሳህን ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣ በዚያው ስፖንጅ ከታጠበ አበቃ። ለመፈተን ብርጭቆውን በውሃ አርጥበው ውስጡ ላይ ደቃቅ ጨው ይበትኑ። ጨው ያልያዘው ቦታ ቅባት ነው። ለብርጭቆ የተለየ ገንዳና ብሩሽ ይመድቡ፤ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፤ በጨርቅ ሳይወለውሉ፣ አየር በሚያስገባ ወንፊት መደርደሪያ ላይ ደፍተው ያድርቁት። መጥበሻው ከባንኮኒው በግድግዳ ይለይ፤ ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት መሳቢያም ይኑረው።

የሚበዛው አረፋ ግን የሙቀት ወይም የግፊት ነው። ከመኪና የወረደ 50 ሊትር በርሜል እስከ ውስጡ ለመቀዝቀዝ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ጠዋት መጥቶ ለምሳ ከተቀዳ አረፋ መሆኑ አይቀርም። ቢራው በርሜሉ ውስጥ 3 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ግፊቱን በተመለከተ፣ በመመሪያዎች ላይ የሚገኘው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ለተለመደ ላገር (በቀዝቃዛ የሚብላላ ቢራ) በ3 ዲግሪ 0.8 ባር ይላሉ። ከፍ ባልን መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየ600 ሜትሩ 0.07 ባር ገደማ መጨመር ያስፈልጋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ስለዚህ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) 1 ባር አካባቢ ያድርጉት። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ 2,450 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 1.1 ይጠጋል። አረፋ በዛ ብለው ጌጁን ዝቅ ካደረጉት ጋዙ ቱቦው ውስጥ ከቢራው ይለይና አረፋው ይብሳል፤ ብዙ ቀጂ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቱቦውም በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የጋዝ ሲሊንደሩን በጠባብ ዝግ ክፍል አያኑሩት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ሽታም የለው፤ ሰው ይገድላል። ክፍሉ ወለሉ አጠገብ የአየር መውጫ ይኑረው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ለጠላና ለአረቄ ግብጦ አቀርባለሁ። አንዳንድ ጊዜ መራራ ይሆናል፤ ባለፈው አንድ ደንበኛ ራሴን አዞረኝ ብሏል። የግብጦው ጥፋት ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ በቀላሉም አይዩት። የግብጦ ምሬት አልካሎይድ ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህ ነገር በሙቀት አይጠፋም፣ በውሃ እንጂ። ስለዚህ ቆልቶ ወይም ቀቅሎ ብቻ ማቅረብ አይሆንም። ሰው ምሬቱ በውሃ ሳይወጣ የቀረ ግብጦ አብዝቶ ሲበላ አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ራሱ ይዞራል፣ ልቡ ይመታል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበትን ሰው ስካር ነው ብለው አይተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

አሠራሩን እናቶቻችን ያውቁታል፤ የሚበላሸው ሲቸኮል ነው። ለቅመው በምጣድ ይቁሉት፣ ወይም አንድ ሰዓት ይቀቅሉት። ይህ የፍሬውን ሥጋ ከፍቶ ምሬቱ እንዲወጣ ያደርጋል። ከዚያ በጆንያ አስረው በንጹሕ ወራጅ ውሃ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ቀን ያቆዩት። ወራጅ ከሌለ ለ1 ኪሎ 6 ሊትር ውሃ አድርገው ጠዋትና ማታ ይለውጡ። የቆመ ውሃ ሳይለወጥ ሲያድር ፍሬው ይልጋል፣ ይሸታል፣ ምሬቱም አይለቅም። መድረሱን በቀን ብዛት አይቁጠሩ። ከመሀሉና ከታች አምስት ስድስት ፍሬ አውጥተው ይቅመሱ፤ አንዷ እንኳ ምላስ ላይ መረር ካለች ይመለስ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሃ ከብት እንዳይጠጣው ያርቁት። ተልጦ ጨውና ሚጥሚጣ ነካ ሲደረግበት ከጠላ ጋር የሚስተካከለው ብዙ የለም። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግን ግብጦም ላይስማማው ስለሚችል፣ ሲያቀርቡ ይጠይቁ።

ከእንጅባራ፦ ከድራፍት ጋር ድንች ቅቅል በአዋዜና የባቄላ ንፍሮ አቀርባለሁ። የማገዶው ወጪ ከበደኝ፤ ቶሎ አይበስልም።

በእናንተ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሳት ቢጨምሩበት ከዚያ አያልፍም፣ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ። ባቄላውን ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩ። ሎሚም ሆነ ቲማቲም የነካው ነገር ከበሰለ በኋላ እንጂ ሲቀቀል አይግባ፣ ያጠነክረዋል። በፕሬዠር ኩከር የሚያወጡት ብር በማገዶ ይመለሳል። ቢራ ጠማቂዎችም ይህን ልብ ይበሉ፤ በዝቅተኛ ፍላት ሆፕ ምሬቱን በደንብ ስለማይለቅ፣ 60 ደቂቃ የሚለውን አሠራር ወደ 90 ያድርሱት።

ከቡሬ፦ በርበሬ የበዛበት ምግብ ለቢራ ጥሩ ነው ይባላል። ደንበኞቼ ግን ዱለት በልተው ቢራው አቃጠለን ይላሉ። በጾምስ ምን ላቅርብ?

ልክ ናቸው። የሆፕ ምሬት፣ አልኮሉና ጋዙ ሦስቱም የሚጥሚጣን ማቃጠል ያብሱታል። ለዱለትና ለአዋዜ ጥብስ ምሬቱ ያነሰ፣ የብቅል ጣፋጭነት ያለው ጠቆር ያለ ቢራ ይስጡ። ቀላሉና መረር የሚለው ለተጠበሰ ዓሣና ጨው ላለበት ቆሎ ይሁን። በጾም ድንች፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሽሮ ፍትፍት ይበቃሉ። የጾሙ ዘይት ቅቤና ሥጋ በነካ መጥበሻ እንዳይገባ ግን ዕቃውን ለዩ፤ ደንበኛ አንዴ ከተጠራጠረ አይመለስም።

ሌላ ከባሕር ዳር፦ ዳቦ ቤት አለኝ። ጎረቤቴ ቢራ ይጠምቃል፤ የብቅሉን ተረፈ ምርት በነጻ ይሰጠኛል። ዳቦ ይወጣዋል?

ይወጣዋል፤ ጠላቱ ጊዜ ነው። ከ500 ሊትር ቢራ ወደ 100 ኪሎ እርጥብ ተረፈ ብቅል ይተርፋል፤ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ በባሕር ዳር ሙቀት በማግሥቱ ይኮመጥጣል። በዚያው ቀን የሚጠቀሙበትን ብቻ ይውሰዱ፤ የቀረው በስስ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም እንደ አተላ በትኩስነቱ ለከብት ይሂድ። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 200 ግራም እርጥቡን ይጨምሩ፣ ከለመዱት ውሃም 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንሱ። ከ250 ግራም ካለፈ ገለባው ሊጡን ይቆራርጠዋል፣ ዳቦውም ሳይነፋ ይቀመጣል። ገለባው ሻካራ ከሆነ አስቀድመው ይፍጩት።

ከደጀን፦ ደንበኞች ሥጋ ከሉካንዳ፣ ቂጣ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ልከልክል?

አትከልክሉ እንላለን። በጀርመን ባቫሪያ፣ በ1812 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ቢራ ጠማቂዎች በጓሯቸው ቢራ እንዲሸጡ ሲፈቅዱ፣ ከዳቦ በቀር ምግብ እንዳይሸጡ ከልክለው ነበር፤ የሌሎች ምግብ ቤቶች ገበያ እንዳይነካ። ጠጪው ምግቡን ከቤቱ ይዞ መምጣት ለመደ፤ ይኸው ልማድ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የክልሉ ደንብም ታውቆ እስከ ዛሬ አለ። ምግብ ይዞ የመጣ ሰው ቶሎ አይነሣም፣ ቢራውንም ከእርስዎ ነው የሚጠጣው። ለሳህን፣ ለቢላዋና ለእጅ ውሃ መጠነኛ ክፍያ አስቀምጠው ዋጋውን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋና ሰሌዳ ግን ከወጥ ቤትዎ ዕቃ ጋር እንዳይታጠብ፤ የራሱ ቀለም ያለው እጀታ ያድርጉለት።