መልስ፦ ሐረር ላይ በነጻ የሚታይ ጭፈራና ጉብኝት

ሐረር ላይ ጭፈራ በነጻ የት አያለሁ፣ ከተማዋንስ እንዴት እጎበኛለሁ ብለሽ ለጠየቅሽው፦ የከተማዋ የባህል ማዕከል ደርሰሽ ምንም ትዕይንት ካጣሽ፣ ጉዞሽን የሐረሪዎች ዓመታዊ በዓል ከሆነው ከሹዋሊድ ጋር አገናኚው። ትኬት የለውም። ከኢድ አልፈጥር በኋላ ያለው የስድስት ቀን የሸዋል ጾም ሲያበቃ ይጀምራል። ማታ ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው ሲገጥም፣ ዚክሩን (መንፈሳዊ ዜማውን) አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል፣ ዝም ብለሽ መቆም አይሆንልሽም። ዩኔስኮም በ2023 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ቀኑ በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማል፤ የአውቶቡስ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ሐረር ያለ ሰው ጠይቂ።

ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ለማየት ደግሞ ከአምስቱ ነባር በሮች በአንዱ ገብተሽ በእግርሽ ዙሪ፤ መንገዱ አያስከፍልም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። እኔን «በነጻ ላሳይሽ» ያለኝ ልጅ መጨረሻ ላይ ብር ጠየቀኝ፤ ተጨቃጨቅን፣ ቀኔም ተበላሸ። አስጎብኚ ከያዝሽ ዋጋውን ገና ሳትነሱ ተነጋገሩ።