መምህራንን በሙድል ማሠልጠን፦ ጥያቄና መልስ

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኢ-ለርኒንግ ክፍል ውስጥ መምህራንን በማሠልጠን እሠራለሁ። ሙድል እ.ኤ.አ. በ2002 በአውስትራሊያ የተጀመረ፣ ማንኛውም ተቋም ያለ ክፍያ በራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭነው የሚችል የኦንላይን መማሪያ ሥርዓት ሲሆን፣ በአገራችን በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችም ይጠቀሙበታል። ከመምህራንና ከሥልጠና አስተባባሪዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የኮሌጃችን የሥልጠና አስተባባሪ ነኝ። ለ40 መምህራን ሁለት ቀን ብቻ ተፈቅዶልናል። ሥልጠናውን ከምን ልጀምር?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሁለቱን ቀናት አያያይዟቸው። አንዱን ቀን አሁን፣ ሁለተኛውን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢያደርጉት፣ መምህራኑ በመካከሉ ሞክረው የተቸገሩበትን ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ የሚጠቅመው ጥያቄ የሚነሣውም ያን ጊዜ ነው። 40ውንም በአንድ አዳራሽ ከማስቀመጥ ለሁለት ከፍሎ ማሠልጠን ይሻላል፤ ምክንያቱም ፓስወርዱ አልሠራ ያለው አንድ መምህር ሌላውን ሁሉ አስቁሞ ያስጠብቃል። ፓስወርዱን በተመለከተ፣ የሁሉም አካውንት ከሥልጠናው ቀን በፊት ተፈትሾ ማደር አለበት፤ አለበለዚያ ጠዋቱ እንዳለ በመግቢያው ገጽ ላይ ያልቃል።

የብዙ ሥልጠናዎች ትልቁ ድክመት አሠልጣኙ ፕሮጀክተር ፊት ቆሞ «ይህ ቁልፍ ይህን ይሠራል» እያለ ከላይ እስከ ታች መዘርዘሩ ነው። እኔ የምመክረው እያንዳንዱ መምህር በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምረውን አንድ ምዕራፍ፣ ማለትም ማስታወሻውን፣ አንድ አሳይንመንትና አምስት ያህል ጥያቄዎችን ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት መምህሩ በተማሪ አካውንት፣ በራሱ ስልክና በራሱ ዳታ ይግባ፤ ጽሑፍ ያውርድ፣ አሳይንመንት ያስገባ፣ አጭር ፈተና ይውሰድ። 60 ሜጋባይት የሚመዝን ፓወርፖይንት በስልክ ለማውረድ የጠበቀ መምህር፣ የራሱን ፋይል በፒዲኤፍ አሳንሶ እንዲጭን ሌላ ነጋሪ አያስፈልገውም። በሙድል ውስጥ ወደ ተማሪ ዕይታ መቀየር የሚቻል ቢሆንም ገጹን ለማየት እንጂ አሳይንመንት አስገብቶ ለመሞከር አይመችም፤ ስለዚህ ለልምምድ የሚሆኑ የተማሪ አካውንቶችን ከአይሲቲ ክፍሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ መምህራኖቻችን ሠልጥነው ሲመለሱ ሁሉንም ነገር እንደገና በቴሌግራም መላክ ይጀምራሉ። ቴሌግራምን መከልከል ይኖርብን ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቻችንን ከተማሪዎቻችን ጋር ያገናኘን ቴሌግራም ነው፤ ተማሪው ቀኑን ሙሉ የሚከፍተውም እርሱን ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው በቴሌግራም ይሂድ፤ ሥራው ግን በሙድል ይሁን። በቴሌግራም ግሩፕ የተላኩ 70 አሳይንመንቶችን ስም ከስም እያመሳሰለ የፈለገ መምህር፣ ሙድል ማን እንዳስገባ፣ ማን እንደዘገየና ማን ስንት እንዳገኘ በአንድ ሠንጠረዥ ሲያሳየው ልዩነቱን ራሱ ይፈርዳል። በሥልጠናው ላይ ይህን ሠንጠረዥ ቀድሞ ማሳየት ከክልከላ ደብዳቤ የበለጠ ይሠራል።

ጥያቄ፦ አሳይንመንቱ ዓርብ ምሽት 12 ሰዓት ይዘጋል ብዬ አስተካክዬ ነበር፤ ተማሪዎቼ ግን ቀን ላይ ተዘጋብን አሉ። ችግሩ ከሰርቨሩ ነው?

መልስ፦ ሰርቨሩ ጥፋት የለበትም፤ የሰዓት አቆጣጠር ጉዳይ ነው። ሙድል ሰዓትን ከ00 እስከ 23 ይቆጥራል። እርስዎ 12ን ሲመርጡ እርሱ የተረዳው እኩለ ቀንን፣ ማለትም የእኛን ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ ምሽት 12 ሰዓትን ለማለት 18 መምረጥ ነበረብዎ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሌሊቱ ነው። በእኛ አነጋገር «ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት» ያው የዓርብ ሌሊት ነው፤ በሙድል ግን 00፡00 ሲሆን ቀኑ ቅዳሜ ሆኗል። መምህሩ ዓርብን መርጦ 00፡00 ቢያደርግ አሳይንመንቱ አንድ ሙሉ ቀን ቀድሞ ይዘጋል። እኔ ሠልጣኞቼን ሁልጊዜ 23፡55 እንዲመርጡና በመመሪያው ላይ «ዓርብ ግንቦት 8 (እ.ኤ.አ. ሜይ 16) ከሌሊቱ 5፡55» ብለው በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ተማሪውም በአሳይንመንቱ ገጽ ላይ የሚታየውን የቀረ ጊዜ እንዲመለከት ይነገረው፤ እርሱ በየትኛውም አቆጣጠር አይሳሳትም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ማስገቢያ ቀንና መዝጊያ ቀን በሙድል የተለያዩ ናቸው። ማስገቢያው ሲያልፍ ሥራው «ዘግይቷል» ተብሎ ይቀበላል፤ መዝጊያው ሲደርስ ግን በሩ ይዘጋል። በመካከላቸው ሁለት ቀን መተው መብራት ጠፋብኝ ከሚል ተማሪ ጋር ከሚደረግ ሙግት ያድናል።

ጥያቄ፦ የአማርኛ መምህርት ነኝ። በአጭር መልስ ጥያቄ ላይ ተማሪዎች በትክክል መልሰው ሥርዓቱ ስሕተት ይላቸዋል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህ በሥልጠና ሰነዶች ውስጥ እምብዛም የማይነሣ የእኛው የራሳችን ችግር ነው። ሙድል የተማሪውን መልስ እርስዎ ካስገቡት መልስ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክራል። እርስዎ «ፀሐይ» ብለው ካስገቡ፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ወይም «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ያገኛል። ሥነ ጽሕፈትን እየፈተኑ ከሆነ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የሳይንስ ወይም የታሪክ ፈተና ከሆነ ግን ግፍ ነው። መፍትሔው አማራጭ አጻጻፎቹን ሁሉ እያንዳንዳቸው ሙሉ ነጥብ የሚያሰጡ መልሶች አድርጎ መመዝገብ፣ አለዚያም ጥያቄውን ወደ ማዛመድ ወይም ወደ ምርጫ መቀየር ነው። ሁለት ቃላት ያሉት መልስ ከሆነ በሁለት ነጥብ (፡) የለየውንና በክፍት ቦታ የለየውን ሁለቱንም ያስገቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒኮድ (ፊደሉ በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ አንድ ሆኖ እንዲነበብ የሚያደርገው የጋራ ኮድ) ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ማስታወሻ ገልብጠው ገጹ ላይ ሲለጥፉት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ፋይሉን በፒዲኤፍ ቀይረው ይጫኑት፤ የፈተና ጥያቄዎቹን ግን በዩኒኮድ እንደገና ከመጻፍ ሌላ የሚያዋጣ መንገድ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ይህ ሁሉ ሥልጠና ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ የሙድል የስልክ መተግበሪያ ተማሪው ኔትወርክ ባለበት ቦታ የኮርሱን ጽሑፎች አውርዶ ሌላ ጊዜ ያለ ኢንተርኔት እንዲያነብ ያስችለዋል። አጭር ፈተናም መምህሩ ከፈቀደ ያለ ኢንተርኔት ሊወሰድ ይችላል፤ ሆኖም ፈተናው የጊዜ ገደብ ሊኖረው አይችልም፣ ተማሪውም ኋላ ኔትወርክ ሲያገኝ መልሱን መላክ አለበት። ይህ ለልምምድ ፈተና እንጂ ለማርክ አይሆንም። በአጠቃላይ ቪዲዮ መጫንን የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ነባር መምህራን «ይህም እንደ ፕላዝማው ነው» ብለው ሥልጠናውን ይሸሹታል። ምን ብዬ ላሳምናቸው?

መልስ፦ ሥጋታቸው መሠረት አለው፤ በማሾፍ አይለፉት። በ1990ዎቹ ማብቂያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነበርና መምህሩ ፍጥነቱንም ይዘቱንም መቀየር አይችልም፤ ብዙዎች ራሳቸውን ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ አድርገው እንዲቆጥሩ አድርጓቸዋል። ሙድል ግን መምህሩ ካልሞላው ባዶ ነው። ይህን በቃል ከመናገር ይልቅ፣ የ20 ዓመት የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ ያላቸውን መምህር አንዱን ገጽ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው በኮርሳቸው ላይ እንዲጭኑ ማድረግ ይበልጣል። ጎናቸውም ከራሳቸው ትምህርት ክፍል የሆነ ወጣት ባልደረባ ይቀመጥ፤ እጁን ግን ማውሱ ላይ አያድርግ። መምህሩ ራሳቸው ካልጫኑት አልለመዱትም።

ጥያቄ፦ ኩረጃስ?

መልስ፦ የመውጫ ፈተናው እንኳ በኦንላይን ይሰጣል እንጂ ተማሪው ቤቱ ሆኖ አይወስደውም፤ በፈታኝ ፊት ነው። ለማርክ የሚሆነውን ፈተና በኮምፒውተር ላብ ይስጡ፣ ጥያቄዎቹም ከጥያቄ ባንክ በዘፈቀደ እንዲወጡ ያድርጉ። ቤት የሚሠራው ተማሪው ደጋግሞ እንዲሞክረው ይተውለት።

ጥያቄ፦ ሥልጠናው ውጤት ማምጣቱን በምን እንለካለን? እስካሁን የምንልከው ሪፖርት የሠልጣኝ ቁጥርና ሰርተፍኬት ብቻ ነው።

መልስ፦ የአቴንዳንስ ወረቀት የሚነግረን አበል ማን እንደወሰደ ነው። ከሥልጠናው አንድ ወር በኋላ የሙድሉን አስተዳዳሪ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ከሠለጠኑት መካከል ስንቶቹ ኮርሳቸውን ለተማሪ ከፍተዋል? ስንቶቹ አሳይንመንት ተቀብለዋል? ስንቶቹስ በአሳይንመንቱ ላይ አስተያየት ጽፈው መልሰዋል? ፋይል ብቻ ጭኖ የቆመ መምህር ሙድልን እንደ መጋዘን እየተጠቀመበት ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ሌላ አጠቃላይ ሥልጠና ሳይሆን ከአንድ ባልደረባው ጋር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት በሚጠበቅበት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ውስጥ ይህን ክትትል ማስገባት ይቻላል። ርዕሰ መምህሩ በመጀመሪያው ሰሚስተር ከእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል አንድ ኮርስ ብቻ መርጠው ቢከታተሉ ይበቃል።